ካልዴራና ልጆቹ

ፊርሚኖ አያቴ ካሜራ ቢይዝም፣
ደንበኛው አይስቅም፣ ዐይኑን አይጨፍንም፤
ነጭ ጨርቅ ላይ ጉብ ያለ የሰርዲን ጣሳ ነው፣
መልክ እንጂ ፊት የሌለው።

ሴቱባል ወደቡ በዓሣ ሽታ ሲነቃ፣
የፋብሪካው ፊሽካ ሲጮኽ በጨረቃ፣
ሴቶቹ በእንጨት ጫማ ሲወርዱ፣ ቋ! ቋ! ቋ!
እሱ የጣሳውን ክዳን ይወለውላል።
በሩ ላይ ሰሌዳው «ካልዴራና ልጆቹ» ይላል፤
ልጅ ገና አልነበረም፣ ቀለሙ ግን ደርቋል።

አያቴ ዴኦሊንዳ አንሶላ ይዛ ትቆማለች፣
የመስኮቱን ብርሃን ወደ ጣሳው ትመልሳለች፤
«አትነቃነቂ!» ሲላት፣ «እኔ ጣሳ ነኝ?» ትላለች።
ኋላ ኤርሚኒዮ፣ የበኩሯ፣ ስምንት ዓመት ሲሞላ፣
እሱ ይዞ ቆመ ያንን አንሶላ።

ቆርቆሮ መስታወት ነው፣ ያየውን አይደብቅ፤
ከክዳኑ ጥግ ላይ ልጁ ብቅ፣ ብቅ።
ባለ ፋብሪካው «ይኼ ጥላ ምንድነው? ይጥፋ» ሲል፣
የከፈለው ለዓሣ ነው፣ ለሰው ልጅ አይደል፤
ማታ ከአምፑል ሥር፣ በሾለው እርሳስ፣
እናቱ ከመስታወቱ ላይ ልጇን ስትደመስስ፣
ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ጣሳው ጠርቶ እስኪያበራ ድረስ።
መቶ ጊዜ ይሁን ሁለት መቶ፣ ማን ቆጥሮት።

ኤርሚኒዮ በሃያ አንዱ ጊኒ ዘመተ፤
በዝናቡ ወራት፣ ወንዝ ዳር፣ ሞተ።
መታወቂያው አብሮት ተቀበረ።

ቄሱ ለጸሎቱ «ፎቶ አምጡ» ቢላቸው፣
አንድም አልተገኘ ከዚያ ሁሉ ሣጥናቸው።
ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይኼው።

አባቴ አቢሊዮ ምድር ቤት ወረደ፣
ሣጥን ከሣጥን ላይ ገለበጠ፣ ናደ፤
በሦስተኛው ቀን፣ ጣቱ በስብርባሪ ደምቶ፣
አንድ መስታወት ይዞ ወጣ፣ አቧራ ጠጥቶ፦
የጣሳው ወረቀት ስለተጣመመ
ተጥሎ የቀረ፣ እርሳስ ያልቀመሰ፣ ያልታረመ።
ከክዳኑ ጠርዝ ላይ፣ ግንባሩ በጉብታው ረዝሞ፣
ልጁ አንሶላ ይዟል፣ በአንድ እግሩ ቆሞ።

አሳደጉት። ብዥ ያለ ነው። ኮሞዲኖው ላይ አለ።
አያቴ ከዚያ ወዲያ እርሳስ አልነካችም፤
የሱቁን ሂሳብ እንኳ ከብዕር በቀር አልጻፈችም።

አሁን ፋብሪካው ሆቴል ነው፤ ቁርሱን አነሣለሁ፤
ወንድም የለኝም፣ በ«ልጆቹ» ሥር እሠራለሁ።
ትናንት ማንኪያው ውስጥ ተገልብጬ ታየሁ፤
«ይጥፋ» አሉኝ፤ እሺ ብዬ አጠፋሁ።
አንዱን ግን፣ እንዳለ፣ ሣጥኑ ውስጥ አኖርሁ።