በረኛ

«ረድፍ ሰባት ግቡ፣ ደረጃውን እዩ!»
በባትሪ ጭላንጭል ወንበሮች ተለዩ፤
ጨለማው ሰው ዋጠ፣ ሁሉም ፀጥ አለ።
ሸዋንግዛው ብቻ በር ጋ ተከለለ።

ፊልሙን ያውቀዋል፦
ቦክሰኛው ግጥሚያ ይሸጣል፣ ይወድቃል፣ ይሰክራል፣
በመጨረሻው ዙር ደም ጎርሶ ይጸልያል።
ዳኛው «ስድስት» ሲል እሱ ግን ይወጣል፤
ፒያሳ ጥግ ላይ ሲጋራ ያጨሳል።
ሲነሣ አይቶ አያውቅም።

እሱም በረኛ ነበር፣ ያኔ፣ በስታዲየም፤
አራት መቶ ብር በካልሲው ደብቆ፣
ኳሷን አሳለፋት፣ እያያት፣ አውቆ።
አባቱ ካታንጋ ዣንጥላ አጠፉ፤
አንድ ቃል ሳይሉት በዓመቱ አለፉ።
ጊዮርጊስንም ከአጥሩ ነው የሚሳለመው፤
ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ ዝናብ ጣለ፤ ደጅ መውጫ የለ።
አንድ ልጅ በሩን ገፋ፣
ሶፍትና ማስቲካ ባንገቱ ያንጠለጠለ፤
«ጋሼ... መጨረሻዋን ብቻ...»

ከውስጥ ዳኛው ይቆጥራል፤ «ስድስት... ሰባት...»
ትኬት አልጠየቀም።
መጋረጃውን በትከሻው ገለጠ፣
ባትሪውን ዝቅ አድርጎ መንገድ ሰጠ፤
አሳለፈው፣
በነፃ።

ከዚያ እሱም ገባ።
«ዘጠኝ...»