ግማሽ እንቁላል

ሽንኩርቱ ከሮቢት፣ ዶሮው ከጎረቤት፣
ቅቤው ከመንዝ መጥቷል፣ ከይርገዱ እናት ቤት።
«ቁጭ በል» አለችኝ፣ «ሽንኩርቱን ልጥልኝ»፤
እንባዬ ወረደ፤ ማን አይዞህ ይበልኝ።

ዶሮው አንድ ራሱን፣ ብልቱ ዐሥራ ሁለት፤
ከእህቴ ልጆች ጋር እኛ ደግሞ ስምንት።
«አራት ይተርፈናል» አለች ተኩራርታ፣
ማማሰያዋን በድስት አፍ አስተኝታ።

ጉሙ ግን አላማከራትም።
ጣርማ በርን ዘጋው፣ መንገዱን ዋጠና
ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ቆመና
እህቴ ዓለምሸት አላስቻላት ኖሮ
ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ አራስ ከእናቷ ጋር፣
«ደሞ እኒህን ሽማግሌ» እያለች ስትጨምር
ቆጠርን፤ ዐሥራ ሦስት።

ይርገዱ ምንም አላለች።
ከነጠላዋ ጫፍ አንዲት ክር መዘዘች፣
ሰባቱን እንቁላል ለሁለት ቆረጠች።
ድንችም ጨመረች፤ እናቷ ባየች ኖሮ!
በድንች ያረገዘ የት ታይቶ ዶሮ።

በላን። ፈረሰኛው ሽማግሌው ጋ ሄደ፣
መላላጫው ለአራሷ፣ ለኔ አንገት ወረደ።
ደብረ ሲና ውጭ በጉም ተሸፍና
እኛ ውስጥ በላብ፣ በበርበሬ፣ በምስጋና።

አንዲት ግማሽ እንቁላል ትሪው መኻል ቀረች።
«እርስዎ ይብሏት» «ኧረ አንተ» «በሞቴ»
ሾፌሩ ማለ፤ ማለች እህቴ።
ሁሉም እያያት ማንም አላያትም፤
አስኳሏን አቅንታ እሷም አትነቃነቅም።

መብራት ጠፋ።
ክብሪት ተፈለገ፣ አንድ ብርጭቆ ተደፋ፣
ሕፃኑ አለቀሰ፣ አንድ ሰው ሳል ያዘው፤

መብራቱ ሲመለስ ትሪው ባዶ ነው።

ሽማግሌው ጣራ፣ ሾፌሩ ግድግዳ፣
ረዳቱ ጫማውን አየ፤
ይርገዱ ብቻ እኔን።

ታዲያስ?
ያን ሁሉ ሽንኩርት ማን ላጠው?