ባሕሩ አራተኛ ፎቅ ነው

ኮዬ ፈጬ፣ ከባጃጁ መዞሪያ ወዲያ፣
ሊፍት ከሌለው ብሎክ፣ ከደረጃው ማብቂያ፣
ባሕሩ እዚያ ነው።

ውኃ ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል፣ ከመጣ።
ቧንቧው ሲያስነጥስ ነው ከአልጋዬ የምወጣ።
በርሜሌን ሞልቼ፣ ክሎሩ እስኪበን አሳድሬ፣
በማጣሪያ አሳልፌ፣
በበርበሬ ነጋዴ ሚዛን ጨው ሰፍሬ፣
ለሊትሩ ሠላሳ አምስት ግራም፣
አማስላለሁ፤ መለኪያው እሺ ሳይል አልተኛም።
«ምን ልትጠምቅ ነው?» ትላለች እትዬ በለጡ ከታች፣
ከጣሪያዋ ጠብ ያለውን አንዴ በጣቷ የቀመሰች፦
«ሰውዬ፣ ዕንባ ነው እንዴ የምታጠራቅመው?»

ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ባሕር አላውቅም።
ትልቁ ያየሁት ውኃ ዝዋይ ነው፣ ከአውቶቡስ መስኮት፤ እሱም ጨው የለውም።
ቦሌ ያነጠፍኩት ምግብ ቤት ሲፈርስ
ጠሩኝ፣ ያልተሰበረውን ሰድር እንድመልስ።
ጥግ ላይ ይህ መስታወት፤ ዝቃጭ፣ የሞተ ዓሣ፣
በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ግን
አውራ ጣት የማታክል አንዲት ነገር፣
ሥጋ ትሁን አበባ ያልለየላት፣
ጥላዬ ሲያርፍባት ኩምትር ያለች።
ኮራል ይሏታል። እኔ «ልጅት» እላታለሁ።
ባለቤቱ «ለቀረህ ሂሳብ ይሁንህ» አለኝ።
ተሸከምኩት።

መጀመሪያ የገደልኳቸውን አልቆጥርም።
ሰባት ናቸው።
ውኃም እንደ ጠጅ መብሰያ ቀን አለው፤ ያኔ አላወቅኩም።

በኅዳር አንድ ሌሊት መብራት ሄደ።
ፓምፑ ዝም ሲል ቤቱ ትንፋሹን የዋጠ መሰለ።
የመኪና ባትሪው እስከ ሰባት ሰዓት ታገለ።
ሙቀቱ ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት...
ብርድ ልብሴን ገፍፌ መስታወቱን አለበስኩት፣
ሃይላንድ ሙሉ ሙቅ ውኃ ውስጡ ዘፈዘፍኩት፣
በጣሳ እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ ማፍሰስ፣
እዚህ ከፍታ ላይ ሳስቶ የሚገኘውን አየር ለእሷ ማድረስ፣
መቅዳት፣ ማፍሰስ፣ መቅዳት፣ ማፍሰስ።
የጎረቤቴ ልጅ አያንቱ በሩን ገፋ አድርጋ
«ተራ እንግባ» አለች፣ ሻማ ይዛ፣ የማትሪክ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ።
እስኪነጋ ሁለታችን ማዕበል ሆንን።
ጥዋት ክንዴ ሲዝል፣ ዓይኔም ሲከደን
ጮኸች፦ «ተከፈተች! እየው፣ ጣቶቿን ዘረጋች!»

ስትበዛ ትቆረጣለች።
ዕድሜ ልኩን ሰድር የቆረጠ እጄ
በመጀመሪያው ቀን ተንቀጠቀጠብኝ።
ቁስሏ ልጋግ አወጣ።
በሱፐር ግሉ ከሥራ በተረፈኝ ስባሪ ላይ አጣበቅኋት፦
ይህ ከሰሚት ቪላ መታጠቢያ ቤት፣
ይህኛው ከአንድ ባንክ ወለል።
በወሩ ሥጋዋ የሰድሩን ጠርዝ ያዘ።
አባቴ ጉመር እንሰት ሲያፈላ እንዲህ ነበር፤
እናቲቱን ይሰነጥቃል፣
ልጆቹ ከስንጥቁ ይወጣሉ።
አንዷን ለአያንቱ፣ አንዷን ሱሉልታ ላለ የጥርስ ሐኪም ሰጠሁ፤
የእኔዋ አንድ ቀን ብትሞት፣ ዘሯን ከሰው ደጅ አገኘዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ቶሌራ መጣ፣
ከሙገር ሲሚንቶ የሚጭነው፣
ከኪሱ አንድ ድንጋይ አወጣ።
«ከካባው ነው» አለ። ጥምዝምዝ ያለ ዛጎል፣ ድንጋይ የሆነ።
ከመስታወቱ ጎን አስቀመጥነውና ዝም አልን።
እንግዲህ ሙገር ባሕር ነበር።
ያ ባሕር ተፈነቀለ፣ ተቃጠለ፣ ተፈጨ፣
በከረጢት ታስሮ እዚህ ድረስ መጣ፤
ደረጃ ሆነ፣
የእትዬ በለጡ ጣሪያ ሆነ።
ግድግዳዬን በመዳፌ ነካሁት።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣
አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይሉ ነበር እኛ ቤት።
ልጅት ይህን አልሰማችም።
ከሰፈርኩላት ጨው ውስጥ፣ ማንም ሳያይ፣
በየሌሊቱ ቅንጣት ድንጋይ ትሠራለች፣
የምትቆምበት።

ማክሰኞ ነው።
ቧንቧው አስነጠሰ።