አሥራ ስድስት ጋት

ከከፊራ ገበያ ጀርባ፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ፣
ሰባት ጋሪ ተደርድሮ፣ የሰባት ፈረስ ሽታ፣
ደረስኩ እኔ ቅጼን አቅፌ፣ ከማዘጋጃ ቤት ታዝዤ፣
ጥቅል ሜትር በኪሴ፣ የስሌት ሠንጠረዥ ይዤ።

ቅጹ ብዙ አይጠይቅም፦ የባለቤት ስም፣ ቀበሌ፣
የፈረሱ መልክ፣ ዕድሜ፣
ቁመት — በሳንቲ ሜትር፣
ከሰኮናው እስከ ጫንቃው፣ አንገትና ጆሮ ሳይቆጠር።

"ለካሁት እኮ!" አለኝ አብዶሽ። "ከጉርሱም ገበያ ስገዛው፣
በዚሁ እጄ ነው የለካሁት፤ ሻጩ እንኳ አፉን ነው የያዘው።
አሥራ ስድስት ጋት ነው ዳማ። ጻፊው፤ እጄ አይዋሽም።"
አሥራ ስድስት ጋት የሚጻፍበት ሣጥን ቅጼ ላይ የለም።

ሠንጠረዡን ገለጥኩ እንግዲህ። አንድ የፈረስ ጋት፣ ይላል፣
አሥር ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ከነጥብ በኋላ አሥራ ስድስት ያስከትላል።
በየትኛው አገር ሰው እጅ እንደተለካ አይናገርም፤
ሥራ የፈታ እጅ መሆን አለበት፤ ጠባሳ አይታይበትም።

አባዛሁት በአሥራ ስድስት፣ በቅጹ ጀርባ ላይ፦
መቶ ስድሳ ሁለት ከምናምን። ዳማን ቀና ብዬ ሳይ፣
ጫንቃው ከብብቴ አያልፍም። ዳማ ደግሞ እኔን ያያል፣
"የቱ ፈረስ ነው ይሄ ረጅሙ?" እንደሚል ሰው ጆሮው ይቆማል።

ሜትሩን ዘረጋሁ። የብረቱ ብልጭታ አስደንግጦት
አንድ እርምጃ ሸሸ፤ አብዶሽ "ሾ፣ ሾ" አለው፣ ጋማውን ዳብሶት።
መቶ ሃያ ስምንት። ደገምኩት። መቶ ሃያ ስምንት፣ ያው።
"እንግዲህ" አልኩት፣ "ሒሳቡን አብረን እንየው፤
ሠላሳ አራት ሳንቲም ተኩል ፈረስ የት አባቱ ገባ?"
ባለጋሪው ሁሉ ሳቀ፤ "ጅብ ነው!" አለ አንዱ፣ "ሐረር ሲገባ!"

አብዶሽ ግን አልሳቀም። ቀኝ እጁን አወጣ ከኪሱ፣
ዘርግቶ ዳማ ጫንቃ ላይ አኖረው፣ ለራሱ
የሚያሳይ ይመስል። አውራ ጣት። ሌባ ጣት። መሐል ጣት።
ከዚያ ባዶ። ከዚያ ትንሿ ጣት።
"ሸሚንደፈር" አለኝ፣ በቃ። "ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያዝ
ትንሽ ዘገየሁ።" ዝም አልን፤ እኔ ብዕሬን፣ እሱ ልጓሙን ስንይዝ።

አንድ ጣት ሁለት ሳንቲም ነው፤ በአሥራ ስድስት ተባዝቶ ሲመጣ፣
ሠላሳ ሁለት። የጎደለ እጅ ነው ለካ፣ ፈረስ አርዝሞ የሚያወጣ።

"ሁለት ሳንቲም ተኩል ግን አሁንም ይጎድላል" አልኩት፣
እንደ ገንዘብ ያዥ ሰስቼ፣ ቁጥሩን በብዕር እየነካሁት።
ያን ጊዜ ሳቀ አብዶሽ፤ ጥርሱ ቡኒ፣ አንዱ ወርቅ፦
"እሷማ ምርቃት ናት! ቲማቲም ስትገዢ አይመርቁሽም? ምኑ ይደንቅ!"

ጻፍኩ፦ ዳማ፤ ዕድሜ ዘጠኝ፤ መቶ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር።
ትክክል ነው። ቢሮ ተመልሼ ግን፣ ማንም ሳይኖር፣
ጠረጴዛዬን በጋት ለካሁ፤ በአምስት ጣት፣ ከዚያ አንዷን አጥፌ።
በሁለተኛው አደገ።
መዝገቡ ላይ ያው ነው፤ የመንግሥት ጠረጴዛ አያድግ።

ውጭ የጋሪ ቃጭል አለፈ። ቀና ብዬ በመስኮት ሳየው፣
መቶ ስድሳ ሁለት ከምናምን፤
ዳማ ነው።