የኬቲል ጂፕ

ከበጎቹ ጋጣ፣ ከድርቆሹ ወዲያ፣
ሃያ ክረምት ሙሉ ለዝገት ማደሪያ
ሆኖ የከረመ፣ ጎማው የተቀበረ፣
አንድ የሩስያ ጂፕ አይስላንድ ውስጥ ነበረ።

«መኪና ነው?» አልኩት። ኬቲል ሳቁ መጣ፤
«ነበር» አለ፣ «አይጧ ካርታ ሳታወጣ።»

ሸራ ለብሶ ነበር ከመርከብ ሲወርድ፤
ሸራ ምን ሊሆን ነው ለእኛ አገር ብርድ?
አናጢ ተጠርቶ የጣውላ ቤት ሠራለት፣
መስኮቱ የጠመመ፣ በሩ ገመድ ያለበት።

ዋጋ ተነጋገርን። ገንዘቡን አልቆጠረ፤
እጄን በእጁ ይዞ እንዲህ ተናገረ፦
«ገንዘቡ እንዳሻህ፤ ግን አንድ ቃል ስጠኝ፤
የተነሣ ለታ ከጎንህ አስቀምጠኝ፣
ወንዙን አሻግረኝ።»

በብራንዱር ትራክተር ጎትተን አመጣነው፤
ጋራዡ ቢጠበው መቃኑን ነቀልነው።
ሚስቴ አንድ ቃል አልተናገረችም።
ሦስት ቀን።

ክረምቱ ገባ። ፀሐይ ለምሳ ብቻ ትመጣለች፣
አንድ ጉርሻ ሳትጎርስ ተነሥታ ትሄዳለች።
በአምፖል ሥር ተኝቼ ቦሎን ስለማመጥ፣
ዘይት አጠጣሁት፣ በእሳት ለመንኩት እንዲለወጥ፣
በመዶሻ መከርኩት። ግማሹ እሺ አለ።
ግማሹ አንገቱን ሰጠ፣ ሃሳቡን ሳይለውጥ፣
እዚያው እንደ ቆመ ተቀላ።

ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባልስትራ፣
በየጣሳው ከታ፣ ኡና በየተራ
ስም ጻፈችላቸው፤ ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፤
«ምን እንደሆነ እንጃ» የሚለው ጣሳ ነው
ከሁሉም የሞላው።

ካርቡራተር ጠፍቶ አገር ስናስስ፣
አንድ ሽማግሌ ከኢስቶንያ ድረስ
በጋዜጣ ጠቅልሎ ላከ፣ ወረቀት ጨምሮ፦
«የእኔ ጂፕ ነበረ፤ ዓይኔ ከዳኝ ዘንድሮ።»

በሁለተኛው ክረምት፣ የሾፌሩን በር
ልባሱን ስገነጥል ለቀለም፣ ለሞደር፣
ከውስጥ፣ በጥሬው ጣውላ፣ የእርሳስ ጽሑፍ አለ፤
መስከረም በመስከረም፣ ዓመት የቀጠለ፦
ከተራራ የወረዱ በጎች ናቸው፣ በቁጥር።
መቶ አርባ። መቶ ሠላሳ ስምንት። መቶ አርባ አንድ።
አንዱ መስከረም ቁጥር የለውም።
«ራግና» ይላል ብቻ።
ከዚያ በታች ባዶ።

ብሩሹን ነክሬ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።
«ለምን?» አለች ኡና።
«ይሄን በር አንቀባም» አልኳት።
ብሩሹን አጠበችልኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ግንቦት ላይ ማኖቬላውን ኡና ናት የጨበጠችው።
አንዴ አስነጠሰ፤ እንደገና ዝም አለ፤
በሦስተኛው ዙር ጥቁር ጭስ ተፍቶ ማለ፣
ያ የማለ ጭስ ሚስቴ ያሰጣችውን
ነጭ አንሶላ ሁሉ አለበሰው ከሰል።
ወጥታ ቆመች። አየችን። ሳቀች፣
ሁለት ክረምት ያጠራቀመችውን ያህል።

ኬቲል ክራባት አስሮ ደጁ ላይ ጠበቀን።
ወንዙ የበረዶ ቅልጥ፣ ግራጫ፣ ደንጋይ የሚያንከባልል፣
«በትንሿ ማርሽ» አለኝ፣ «ወደ ታች አዘንብል፤
ውሃ ሹም ነው፤ ፊት ለፊት አትግጠመው፣
ጎን ጎኑን ሂድና ሳያይህ እለፈው።»

ገባን። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ወለሉ ውሃ ጠጣ፤
የኬቲል የእሑድ ጫማ ሞልቶ ገነፈለ፣
እግሩን ግን አላነሣም።
ኡና በኋላ ወንበር ጣሪያውን በሁለት እጇ ይዛ
የማላውቀውን ጸሎት ታነበንባለች።

ከማዶ ስንወጣ በሩን ከፈተና
ጥሬውን ጣውላ አየ።
በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ከላይ ጀምሮ፣
ቁጥሩን አንድ ባንድ፣ ባዶው ቦታ እስኪደርስ።
«እርሳስ አለሽ?» አላት ኡናን።
ነበራት።
እኛን ተራ በተራ ቆጠረ፣ ራሱን ጨመረ፣
ከባዶው ሥር ጻፈ፦
«ሦስት።»

ለመመለስ ሞተሩ እምቢ አለ። ካንዴላው ርሶ ነበር።
ነቅለን ድንጋይ ላይ አሰጣነው፣
ጫማውንም ከጎኑ፣ ክራባቱንም።
ማንም ሰዓት አላየ።
ሰኔ ነው፤ እዚህ አገር አይመሽም።