ቁጥር አርባ አንድ

እሑድ በማለዳ፣ ከተማው ቅዳሴ፣
እኔ ሐይቁ ዳር ነኝ፣ በሌላ ውዳሴ።
ቦቲ ጫማ አጥልቄ፣ ደብተር በብብቴ፣
"ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ" ትላለች እናቴ።
"እባብ ፍለጋ ነው" ብዬ እንዴት ልንገራት፣
ሲመሽ "ገመድ" እንጂ፣ ስሙ ለሚያስፈራት?

አርባ ተመዝግበዋል።
አንዱ ቅጠል መስሎ ቅጠል ላይ የዋለ፣
ነፋስ ሲነሣ አብሮ የሚወዛወዝ፣ ዓይኑ ብቻ ያልበሰለ፤
አንዱ ታቦር ሥር፣ ትኩስ ድንጋይ ላይ፣
ወፍራም፣ ሰነፍ፣ ጀርባው ባለ ቀስት፦ እውነተኛ እፉኝት
(ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ከሩቅ ቆሜ የጻፍኩት)፤
አንዱ ጥቁር ውሃ ድልድይ አጠገብ፣
የጎማ ቱቦ መስሎኝ ልረግጠው የነበረ ለጥቂት።

አርባ አንደኛዋ አሞራ ገደል ናት።
ዓሣ ሲበለት፣ አባ ኮዳ ቆሞ ሲጠብቅ እንደ ዳኛ፣
ከሾላው ሥር ጩኸት፦ "እፉኝት! ዱላ! ዱላ ለኛ!"
ሮጥኩ፣ ቦቲዬ ውሃ እየተፋ፤
"አትንኳት! አንዴ ልያት! አንዴ ብቻ!" ድምፄ በሰው መሃል ጠፋ።
የሆጤሶ ልጅ ዱካሌ፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ፣
ቀድሞኝ ደረሰ፤ አንድ ነበር የመቅዘፊያ ምቱ።
"እባብ ግደል" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ "ከነበትሩ ገደል!"
ምን ያድርግ ልጁ? ግደል ሲባል አድጎ፣ ሰፈሩም ተብሎ ገደል።

ተንበረከክሁ። ጅራቷ ገና ይጽፋል አሸዋው ላይ።
ጭንቅላቷ ጠባብ ነው፤ ከአንገቷ እምብዛም አይለይ።
ቅርፊቷ ሻካራ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት፣
አፏ ውስጡ ጥቁር፣ ጥቀርሻ የጠጣ ቤት፤
ጥርስ ፈለግሁ።
ላይ ፈለግሁ፣ ታች ፈለግሁ፤
ጥርስ የለም።

ቀና ስል ከቅርንጫፉ የወፍ ጎጆ ተንጠልጥሏል፣
ከሥሩ የተጨመቀ የዕንቁላል ቅርፊት ወድቋል፣
እንደ ተጣጠፈ ደብዳቤ፣ አስኳሉ ተነቦ ያለቀ።
ዕንቁላል ዋጭ!
ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ኃጢአት ይኸው ነው፦ ቁርስ።
ሰው ሲመጣባት ግን፣ "ጥርስ የለኝ፣ መርዝ የለኝ፣ ምን ልሁን?" ብላ፣
ቅርፊቷን በቅርፊቷ ፈትጋ፣ ክሽ-ሽ-ሽ ብላ፣
የእፉኝት ካባ ተውሳ ለበሰች።
ካባው ከጭልፊት ስንቴ አዳናት፤
ከኛ ዘንድ ካባው ራሱ ገደላት።
(ስንቱን ሰው ዐውቃለሁ፣ ጥርስ ሳይኖረው፣
የውሰት ቁጣው ያስቀጠፈው።)

ዱካሌ አጠገቤ ቁጭ አለ፣ መቅዘፊያው ጭኑ ላይ፣
"ታዲያ ምን ነበረች?" አለኝ፣ ወደኔ ሳያይ።
ነገርኩት። በክብሪት እንጨት አፏን ከፈተና
የሌለውን ጥርስ ፈለገ፣ እንደገና፣ እንደገና።
"ቁጥር አርባ አንድ፦ ዕንቁላል ዋጭ። ርዝመት፦ ክንድ ተኩል።
ሁኔታ፦" ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ስልኬ ጮኸ። ሹክሹክታ፦ "ጋሼ፣ ገመዷ መጣች! ጀልባችን ሥር ናት።
አልነካኋትም። መቅዘፊያውን ለአባቴ ሰጠሁት። ቶሎ ይምጡ!"

በባጃጅ በረርኩ። ልጁ ባትሪ አብርቷል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።
ክሽ-ሽ-ሽ።
ተጠቅልላለች። ጭንቅላቷ ጠባብ ነው? ሰፊ? ጥላው ያሰፋዋል፣
ድምፁ ያው ድምፅ ነው፣ ጀርባዋም ያው ጀርባ ይመስላል።
"የቷ ናት?" አለኝ።
ስንት እሑድ ሣር የገለጥኩት ሰውዬ፣ አላወቅሁም።
"ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ" አልኩት፤ ሄድን። አላፈርንም።
ደንገሉ ተከፈተ፤ ደንገሉ ተዘጋ።
ውሃው ብቻ ቀረ፣ ከጀልባው ሆድ ጋር ሲያወጋ።

ቁጥር አርባ ሁለት፦ ከፊቱ አንድ ጥያቄ ምልክት ጻፍኩ።
ዱካሌ በባትሪው አይቶ ሣቀ፦
"ጋሼ፣ እሷኑ ሣሏት!"