ሞራ ገላጯ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከቄራ
ሃያ የበግ ዓይኖች፣ ከበረዶ ጋራ፣
በሻይ ፔርሙዜ ውስጥ በጥንቃቄ ሞልቼ፣
በዛገች መኪናዬ ዳገቱን ወጥቼ፣
ደንዲን ከነጭጋጓ ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣
የጓሮውን በር ነበር የማንኳኳው፣ በቃ።
ሌላ ድርሻ የለኝም በዚህ ታሪክ መሃል።
አራጅ ነኝ፤ ስሜም ዊሬሙ ይባላል።

የዛሬ አርባ ክረምት ቄራው በር ላይ ቆማ፣
ቀጭን፣ መነጽራም ሴት፣ በትልቅ ቦት ጫማ፣
«ዓይን ነው የምፈልገው» ብትል ለአለቃችን
ሳቅን። ምን ይደረግ፤ ደም ነው ውሎአችን።
በኒውዚላንድ ምድር በግ ከሰው ይበልጣል፤
የሚጣል ዓይን ሞልቶ፣ ማን ይጠይቀዋል?
«ለሾርባ ነው ለጥብስ?» አላት አንዱ ሲቀልድ።
እሷ ግን ፍንክች የለ፣ እግሯን ተክላ እንደ ግንድ፣
«ሌንሱን ነው» አለችን። «ውስጡ ያለው ብይ
አይታደስም ከቶ፤ ያንን ነው የማይ።»

እኔ የማውቀው ሞራ ኩላሊት ላይ ያድራል፣
በካራ ሲገፈፍ እንደ ሻሽ ይዘረጋል።
እሷ ያሳደደችው ዓይን ላይ ይጋረዳል።
ዶክተር ኢዞቤል ማክሬ። ሞራ ገላጭ ነበረች፤
ነገን ሳትጠነቁል ትናንትን ያነበበች።

አንድ ቀን ጠራችኝ፦ «እጅህን ታጠብና
ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ በል እስቲ፣ ና።»
አየሁ። የተበጠረ ፀጉር፣ የመስተዋት፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቶ፣ ረድፍ ያልሳተበት።
«እያንዳንዱ ህዋስ» አለች፣ «ሲያድግ ቤቱን ያራግፋል፤
ዕቃውን፣ ምድጃውን፣ እምብርቱን ሳይቀር ያጠፋል፤
ብርሃን በመሃሉ ሳይሰናከል እንዲሄድ።
ግን አይሞትም፣ ዊሬሙ! ምን ይዞት ነው? በምን ገመድ?»
መልስ አልነበረኝም። እሷም አልነበራትም።
በዚህ አንድ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት አልተኛችም።

አንድ ሌሊት በረዶ ጥሎ መብራት ጠፋ፣
የስምንት ወር ልፋት ሳህኑ ላይ ከፋ።
ጠዋት ስደርስ ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች፤
«ዛሬ ስንት አመጣህ?» ይህን ብቻ አለች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን፦
በአርባ ዓመቷ የጻፈችው፣ ስሟን ያስጠራው ግኝት፣
ተማሪዋ ሜይሊን ዳግም ስትሞክረው አንድ ሌሊት
አልሠራም። ሦስቴ አልሠራም። ልጅቷ ፈራች ልትነግራት።
ኢዞቤል ግን አንብባ፣ ዝም ብላ፣ ሻይ ቀድታላት፣
«ተሳስቼ ነበር» ብላ በገዛ እጇ ጻፈች፤
በዚያው መጽሔት፣ ከነስሟ፣ ሳትሸሽግ አወጣች።
ባልደረቦቿ «ምነው?» አሉ፣ «ማንም ሳያውቅብሽ?»
እኔ ምንም አላልኩም።
ስለዚያ ህዋስ ግን አሰብኩ።

ጡረታ ወጣች። ኬክ ቆረሱ። ሰዓት ሰጧት።
መልሱን? ግማሹን አገኘች።
ግማሹን ለሜይሊን ተወችላት።
እኔም ካራዬን ሰቀልኩ። ሁለት ዓመት ሲቆጠር
ጭጋግ ለበሰብኝ የወደቡ መብራት፣ ዳር እስከ ዳር።
ሞራ ነው። የራሴው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤
ሰባብረው መጠጡት፤ «ልየው» ብል አልተረፈም።

ደወልኩላት። ዝም አለች። ከዚያ፦ «የመሃሉ ፍሬ
እናትህ ሆድ ውስጥ ሳለህ የተሠራ ነው፣ ዊሬ።
ከዚያ ወዲህ አንዲት ቅንጣት አልተለወጠበትም።»
እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላኝም።
ፎቶም የላትም።

አሁን የማየው በፕላስቲክ ነው። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም።
ማክሰኞ ማክሰኞ ያንኑ ፔርሙዝ ይዤ
ወደ ቤቷ እወጣለሁ፤ ዛሬ ሻይ ብቻ ነው ያለበት።
በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ባሕሩን እናያለን።
ሰማያዊ ነው፣
ከማስታውሰው ሁሉ የጠራ፣
እናቴን የማያውቅ ሰማያዊ።